በረዶ ላይ ቁጭ ብሎ ዓሣ ማጥመድ እንዴት ይሠራል?

ሚኒሶታ ዘመድ ያለው የደብረ ሲና ሰው ይህን ዓይነት ቪዲዮ ሳያይ አልቀረም። ዳር ድንበሩ የማይታይ ነጭ ሜዳ ነው። ሰዎች ካፖርት በካፖርት ደርበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መኪናቸው አጠገባቸው ቆሟል። እግራቸው ሥር ስንዝር የምትሰፋ ክብ ጉድጓድ አለች፤ አጭር ዘንግ ይዘው ወደ እሷ አጎንብሰዋል። ከዚያ ክሩ ይወጠርና ክንድ የሚያህል ዓሣ ከመሬት ውስጥ የወጣ ይመስል በበረዶው ላይ ይንፈራገጣል።

«እትዬ፣ ሜዳ እንዳይመስልዎ፤ ሐይቅ ላይ እኮ ነው የተቀመጡት።»

«በስመ አብ! መኪናውም?»

አዎ፣ መኪናውም። ጥያቄው እንግዲህ ሁለት ነው። ሐይቁ ያን ሁሉ ክብደት በምን አቅሙ ይሸከማል? ከሥሩ ያለው ዓሣስ እንዴት ሳይሞት ይከርማል? የሁለቱም መልስ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፤ ማድ ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል።

ትንሽ የነጠረ ቅቤ በመጥበሻ አቅልጡ። ከማሰሮው ደግሞ የረጋውን በማንኪያ ቆንጠር አድርጋችሁ ጣሉበት። ቁራጩ ወደ ታች ይወርዳል። የረጋው ከቀለጠው ስለሚከብድ ነው። ብረትም ሰምም እንደዚሁ ናቸው፤ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ነገር ሲረጋ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብ ይከብዳል። አሁን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከፍሪጅ የወጣ በረዶ ጣሉ። ይንሳፈፋል። ስላየነው ስላየነው አይደንቀንም እንጂ ነገሩ ከሥርዓት የወጣ ነው። ሙሉ ሃይላንድ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ ያደረ ሰው ምክንያቱን በዓይኑ አይቷል፤ ጠዋት የሚያገኘው ሆዱ ተነፍቶ ቀጥ ብሎ መቆም ያቃተው ላስቲክ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን ክብደቱ ሳይለወጥ የሚይዘው ቦታ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፈሳሽ ሳለ ቅንጣቶቹ እየተጋፉ ይጠጋጋሉ፤ ሲረጋ ግን እያንዳንዷ ቅንጣት በአራት ጎረቤቶቿ ተይዛ ቦታዋ ላይ ትቆማለች፣ በመካከላቸውም ባዶ ቦታ ይቀራል።

ውኃ እንደ ቅቤ ቢሆን ኖሮ የሰሜን ሐይቆች ከሥር ወደ ላይ ይረጉ ነበር። በረዶው እየሰመጠ ታች ይከመራል፣ የበጋ ፀሐይም አትደርስበትም፤ ዓሣ የሚባል ነገርም እዚያ አይኖርም።

በረዶው መንሳፈፉ ግን ከታሪኩ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ አለ። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው እዚያ ሙቀት ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ በመስከረምና በጥቅምት ነፋሱ ሲቀዘቅዝ የሐይቁ የላይኛው ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ በቦታው ከታች ሞቅ ያለው ይወጣል። እሱም ተራው ደርሶ ይቀዘቅዝና ይወርዳል። ይህ መገለባበጥ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ 4 ዲግሪ እስኪደርስ ይቀጥላል፤ በዚያውም ከላይ ያለውን ኦክስጅን እስከ ወለሉ ያወርዳል። ከ4 በታች ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የበለጠ የቀዘቀዘው ውኃ ይቀላል፣ ላይ ይቀራል፣ ዜሮ ላይ ሲደርስም ይረጋል። ስለዚህ በጥር ወር ጉድጓድ ቆፍሮ ቴርሞ ሜትር በክር የሚያወርድ ሰው በረዶው ሥር ዜሮ አካባቢ፣ ወለሉ አጠገብ ደግሞ ወደ 4 የሚጠጋ ሙቀት ያገኛል። ውጪ ያለው አየር ከዜሮ በታች 25 ቢሆንም ታች ያለው ዓሣ ጉዳዩም አይደለም። ሰው ሐይቁን የገደለው የሚመስለው በረዶ የሐይቁ መክደኛ ነው።

ይህ መክደኛ የሚወፍረው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ከበረዶው ሥር ያለው ውኃ ሙቀቱን በበረዶው በኩል ወደ ሰማይ ሲያወጣ ተራ በተራ ይረጋል። በረዶው በወፈረ ቁጥር ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ይረዝማል፣ መወፈሩም ይዘገያል። ላዩ ላይ አመዳይ መሳዩ ልቅ በረዶ ከወደቀበት ደግሞ ይባስ ይዘገያል፤ ልቁ በረዶ አየር ስለያዘ ብርድ ልብስ ነው። ለዚህ ነው ነጭ የለበሰ ሐይቅ አታላይ የሚሆነው። ላዩን ሲያዩት ክረምቱ የጠና ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ስስ ሊሆን ይችላል።

የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለሕዝቡ የሚሰጠው መለኪያ አለ። አንድ ሰው በእግሩ ለመሄድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልገዋል። ትንሽ መኪና ለማስገባት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በረዶው ጥርት ያለ ሳይሆን ነጭ ከሆነ ጥንካሬው በግማሽ ስለሚቀንስ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ ነው። መሥሪያ ቤቱ አክሎም ሙሉ በሙሉ የሚታመን በረዶ የለም ይላል። ክብደቱን የሚሸከመው መንሳፈፉ ብቻ አይደለም፤ ንጣፉ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ሸክሙን ዙሪያውን ላለው ውኃ ያካፍላል። መኪና በፍጥነት ከሄደ ከሥሩ ባለው ውኃ ላይ ማዕበል ይቀሰቅስና ማዕበሉ በረዶውን ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብለው ይነዳሉ፤ ጠንቃቆቹም ቀበቷቸውን ፈትተው፣ መስኮታቸውን ከፍተው። ሌላ ቦታ ቢሆን ትራፊክ የሚያስቀጣቸው ነገር እዚያ ነፍስ ማዳኛ ነው።

በረዶው ድምፅም አለው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ቀን ትንሽ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ በዚያ መካከል ሩቅ እንደሚንከባለል ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ለእንግዳ ሰው ልብ የሚያቆም ነው። ነባሮቹ ግን ቡናቸውን አያቋርጡም፤ ማጉረምረሙ ብቻውን የመሰበር ምልክት እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ትልቅ ሐይቅ ላይ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዳር ያለው ሱፐርየር ሐይቅ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጣናችን 3,000 ገደማ ስለሆነ ከ25 ጣና ይበልጣል ማለት ነው። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ነው፤ የሱፐርየር 406 ሜትር ይደርሳል። ይህን ሁሉ ውኃ ወደ 4 ዲግሪ ማውረድ ወራት ስለሚወስድ ሐይቁ ዳር እስከ ዳር የሚከደነው አልፎ አልፎ ነው። የሚረጋው መጀመሪያ በባሕረ ሰላጤዎቹና በወደቦቹ ነው። ነፋስ አቅጣጫ ሲቀይር ከዳር የተያያዘው ንጣፍ ይገመስና ሰው ተሸክሞ ወደ መካከል ይሄዳል። በዚያው አገር በሌላው ታላቅ ሐይቅ፣ በኢሪ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ከ100 በላይ ዓሣ አጥማጆች እንዲህ ተወስደው በሄሊኮፕተርና በጀልባ ተለቅመዋል፤ አንድ ሰው ሞቷል። ውፍረቱ በቂ ነበር ማለት ከነፋስ አያድንም።

ወደ ጉድጓዷ እንመለስ። የምትቆፈረው ጠመዝማዛ ምላጭ ባለው ረጅም መሰርሰሪያ ነው፤ በእጅ የሚዞር አለ፣ በባትሪ የሚሠራም አለ። መሰርሰሪያው ሲዞር ነጭ ብናኝ በዙሪያው ይከመራል፤ መጨረሻ ላይ ውኃው ብቅ ሲል አጥማጁ ምላጩን ሽቅብ መዥረጥ ያደርገዋል። ጉድጓዷ ውስጥ የቀረውን የበረዶ ፍርፋሪ የሚያወጣው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውኃው እንደገና ስለሚረጋ ጭልፋው ቀኑን ሙሉ ከእጁ አይለይም። ዘንጉ ከክንድ ብዙ አይበልጥም፤ ምክንያቱም መወርወር የለም፣ ሥራው ቀጥታ ወደ ታች ነው። ጫፉ ላይ የምታብረቀርቅ ብረት ከነመንጠቆዋ ታስራለች። ዝቅ፣ ከፍ፣ ቆም፤ እንደገና ዝቅ። ብረቷ የቆሰለች ትንሽ ዓሣ ትመስላለች።

በሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ብዙዎቹ ሰው የማይጠብቀው ወጥመድ ያቆማሉ። አንድ ጣውላ በጉድጓዷ ላይ ይጋደማል፤ ከሥሩ ውኃው ውስጥ ክር የተጠቀለለበት መዘውር አለ፤ ከላይ ደግሞ ጎንበስ ብላ የተያዘች ቀይ ባንዲራ። ዓሣው መንጠቆውን ይዞ ሲሄድ መዘውሩ ይዞራል፣ የያዛትን ትንሽ ብረት ያላቅቃል፣ ባንዲራዋም ቀጥ ብላ ትቆማለች። እዚያ ማዶ ቡና እየጠጣ የነበረው ሰው በረዶ ላይ እያንሸራተተው ሲሮጥ ያያችሁት ለዚህ ነው። ክሩ የሚሳበው በእጅ ነው።

ከታች ካሉት ዓሦች ሁለቱ ዘመዳሞች፣ ትራውትና ሳልመን፣ አንድ ቦታ አይውሉም። የሐይቁ ትራውት ታች ወለሉ አጠገብ ይውላል፤ ሳልመን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበረዶው ሥር ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ አጥማጁ መጀመሪያ የሚወስነው የትኛውን እንደሚፈልግ ነው። ዓሣ የሰውነቱን ሙቀት ከውኃው ስለሚወስድ በቀዝቃዛ ውኃ ኑሮው ሁሉ ዝግ ይላል፣ የሚበላውም ያንሳል። ትራውትና ሳልመን ግን ለብርድ የተሠሩ ስለሆኑ ሌላው ዓሣ ደንዝዞ በቆመበት ጊዜ እነሱ ያሳድዳሉ። የሐይቅ ትራውት አንድ ተጨማሪ ብልሃት አለው። የአየር ከረጢቱ ከጉሮሮው ጋር በቱቦ ስለሚገናኝ ከ30 ሜትር ጥልቀት ሲሳብ ትርፉን አየር ያስወጣል። ከጉድጓዷ መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ ነው፤ ዓሣው ቀጥሎ ይመጣል። ይህ መተንፈሻ የሌላቸው ዓሦች ከዚያ ጥልቀት ሲወጡ ከረጢታቸው ተነፍቶ ይጎዳሉ።

አሁን ወደ አገራችን። እኛም ትልቅ የሰሜን ሐይቅ አለን፣ ጣና። ጣና ግን አይረጋም፤ አካባቢው ያን ያህል አይበርድም። የሚበርደው ደጋችንም ቢሆን ብርዱ አይቆይም። በሰሜኑ ዓለም ልዩነቱ በክረምትና በበጋ መካከል ነው፤ በእኛ ደጋ ግን ትልቁ ልዩነት በሌሊትና በቀን መካከል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ደብረ ብርሃን ወይም የመንዝ ጓሣ ላይ ውኃ በሳህን ደጅ ያሳደረ ሰው ጠዋት ላዩ ላይ ስስ ብርጭቆ መሳይ ነገር ያገኛል። ደመና ስለሌለ የምድሩ ሙቀት ሳይመለስ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ገብሱን የሚመታው ውርጭም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ያ ብርጭቆ ረፋድ ላይ የለም። 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ ለመሥራት ኩሬው መጀመሪያ እስከ ሥሩ መቀዝቀዝ፣ ከዚያም ለቀናት ቀን ከሌሊት ከዜሮ በታች መሰንበት አለበት። ጣርማ በር ዋሻ ላይ ጉም ተጭኖ ጥርስ ሲያንቀጫቅጭም እንኳ ይህ አይሆንም።

ትራውት ግን አለን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኬንያ የመጡ ትራውቶች በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቁ፤ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ቀስተ ደመና የሚባለውና ቡናማው። ዲንሾ አካባቢ በዌብና በዳንካ ውኃ ውስጥ ያለ ማንም ርዳታ እየተዋለዱ ኖረዋል፤ ዘንግ ይዞ የሚሄድ ሰውም ያገኛቸዋል። እዚያ በረዶ መሰርሰር የለም፤ ቦቲ ጫማና ትዕግሥት ይበቃል። ትራውት የሚፈልገው በረዶ እንዳልሆነ ባሌ ምስክር ነው። የሚፈልገው ቀዝቃዛና ኦክስጅን የጠገበ ውኃ ነው፤ ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን ይደላዋል፣ ወደ 25 ሲጠጋ ይሞታል።

እዚህ ላይ የይፋት ሰው የሚጠይቀውን አውቃለሁ። ደብረ ሲናስ ብርድ አይደል? ከከተማዋ ቆሎ ገዝቶ ቁልቁለቱን የሚጀምር ተሳፋሪ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ ማንጎ ይገዛል። ከፍታው በዚህች መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚጨምር ልዩነቱ ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። ለዓሣ ይህ የሁለት ዓለም ልዩነት ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ 28 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በሊትር ከ7 ሚሊ ግራም በታች ኦክስጅን ይይዛል፤ ደብረ ሲና ላይ 12 ዲግሪ የሆነ ውኃ ወደ 8 ይይዛል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ከፍታው ራሱ አየሩን ስለሚያሳሳው ደጋው የብርዱን ጥቅም በከፊል ይነጠቃል። ትልቁ ነገር ግን ከዓሣው በኩል ነው። ውኃው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ትራውት ሮቢ ወንዝ ውስጥ በመጋቢት ቢገባ የሚተነፍሰው እየቀነሰ የሚያስፈልገው ይጨምርበታል፣ ቀኑን ሳያገባድድ ጎኑን ሰጥቶ ይንሳፈፋል።

ከደብረ ሲና ገደል የሚወርዱት ጅረቶች በሙቀት በኩል ይሻላሉ። ችግራቸው ሌላ ነው። በክረምት አፈር ይዘው ደፍርሰው ይጋልባሉ፣ በበጋ ደግሞ ይቀጥናሉ። ትራውት እንቁላሉን በንጹሕ ጠጠር መካከል ይጥላል፤ ጭቃ ከተጫነበት እንቁላሉ ይታፈናል። ደጋ ላይ ምንጭ ያለው ሰው የምንጩን ውኃ በገንዳ አሳልፎ ሊያረባ አይችልም ማለቴ አይደለም፤ ኬንያ ደጋ ላይ የሚደረገው ይኸው ነው። ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትራውት አዳኝ ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባወጣው የ100 አስከፊ ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም፣ ቀስተ ደመናውም ቡናማውም፣ አሉበት። በሱፐርየር የሚጠመደው ሳልመንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከፓስፊክ ዳር አምጥተው ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች የጨመሩት እንግዳ ነው። ለአጥማጁ ሲሳይ ሆኗል፤ ለነባሩ ዓሣ ግን ተጨማሪ አፍ ነው።

ቆላው ደግሞ የራሱ ዓሣ አለው። ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ የትራውት ተቃራኒ ነው። ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆን መብላት ያቆማል፣ ወደ 10 ሲወርድ ይሞታል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 ተጨምሮ እስከ ዛሬ ይጠመዳል። አምባዛ ከእሱም ይብሳል፤ ከስንጥቡ በላይ ባለ ተጨማሪ መተንፈሻ አየር ከላይ እየሳበ ኦክስጅን በጠፋበት ድፍርስ ኩሬ ይኖራል። የዓሣ ገበያ በዐቢይ ጾም እንደሚደራ የታወቀ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወውና፣ ያን ጊዜ ለብለቡና ጉላሹ የሚፈለግ መሆኑን ለገበሬው መናገር ይበቃኛል።

ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ ኩሬ ቆፍሮ የፈረንጅ ትራውት አረባለሁ የሚል ወጣት ካለ፣ ቴርሞ ሜትር ይግዛና በመጋቢትና በሚያዝያ እኩለ ቀን የውኃውን ሙቀት ይለካ። ከ20 በላይ ካገኘ ገንዘቡን ለቆሮሶና ለአምባዛ ጫጩት ያውለው።